በ1999 ዓ.ም ቁጥር የሚታቀድ ዞን፤ የስታቲስቲክስ ምሩቁስ የት ይመደባል?

አይከል ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ የጭልጋ ከተማ ናት። በየክረምቱና በየመኸሩ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ቋራ ቆላ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ በዚችው ከተማ ያልፋል። ከአካባቢው ገጠር የሚወርደውም ብዙ ነው። በዚህ ወቅት የአካባቢው ነዋሪ ስንት ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ የሄደው ሰው በቤቱ ይቆጠር ወይስ በዋለበት በሚለው ይወሰናል። ይህን የሚወስነው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ነው።

ሕገ መንግሥቱ የሕዝብ ቆጠራ በየዐሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ያዛል። በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም ሦስት ቆጠራዎች ተካሂደዋል፤ አራተኛው ግን በተደጋጋሚ ተራዝሟል። በመጨረሻው ቆጠራ 2 ሚሊዮን 929 ሺህ ያህል ሕዝብ የተመዘገበለት ሰሜን ጎንደር ዞን ዛሬ ሰሜን፣ ማዕከላዊና ምዕራብ ጎንደር ተብሎ በሦስት ተከፍሏል። አይከልም በማዕከላዊ ጎንደር ሥር ናት። ለዞኖቹ በየዓመቱ የሚወጣው የሕዝብ ብዛት ከዚያው ከአሮጌው ቆጠራ ተነስቶ የተሰላ ግምት ነው።

ስሌቱ ሲሳሳት የሚያስከፍለውን የአማራ ክልል ያውቀዋል። የክልሉ ሕዝብ በ1987 ዓ.ም 13 ነጥብ 8 ሚሊዮን፣ በ1999 ዓ.ም ደግሞ 17 ነጥብ 2 ሚሊዮን ኾኖ ተመዘገበ። ዓመታዊ ዕድገቱ 1 ነጥብ 7 በመቶ ሲኾን፣ የሀገሪቱ አማካይ 2 ነጥብ 6 ነበር። ክልሉ በሀገሪቱ አማካይ አድጎ ቢኾን 19 ሚሊዮንን ይሻገር ነበር። ጉዳዩ እስከ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ደርሶ አከራክሯል። ይህን ያህል ሰው ሳይቆጠር ቀረ? ወይስ ወሊድ ቀነሰ፣ ፍልሰት በዛ? ይህን በቁጣ መለየት አይቻልም፤ የድኅረ ቆጠራ ናሙና ጥናት ይጠይቃል። የፌዴራል ድጎማ ቀመር ከሚመለከታቸው መለኪያዎች አንዱ የሕዝብ ብዛት በመኾኑም፣ የሚጎድለው ቁጥር የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ በጀት ነው።

ይኹንና በዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስን በመጀመሪያ ምርጫው የሚያስቀምጥ ተማሪ ብዙ አይደለም፤ ውጤቱ ከሕክምና ወይም ከምሕንድስና ሲያስቀረው የሚደርስበት ክፍል ኾኖ ይታያል። ሙያው ግን በር የሌለው አይደለም። በ2014 ዓ.ም የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የተባለው የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ ባንኮች፣ የመድን ድርጅቶችና የምርምር ተቋማት ምሩቃኑን ይፈልጋሉ።

ቅርቡ ምሳሌ ደግሞ ዳባት ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በወረዳው ቀበሌዎች ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት ይከታተላል። ሐኪም ቤት ሳይደርስ ያረፈ ሰው ሲኖር መረጃ ሰብሳቢው ሐዘኑ ሲበርድ ቤተሰቡን ጠይቆ ከመሞቱ በፊት የታየበትን ምልክት ይመዘግባል፤ የሞቱ ምክንያትም ከዚያ ይገመታል። ከጎንደር ብዙም በማይርቅ ደጋ ላይ የተሠራው ይህ ሥራ ለበርካታ የጤና ጥናቶች መነሻ ኾኗል።

ችግሩ ያለው በወረዳ ላይ ነው። የስታቲስቲክስ አገልግሎት በመኸር ወቅት ናሙና ማሳዎችን ለክቶና አጭዶ የሚያወጣው የምርት ግምት ዞን ላይ ይቆማል። ከዞን በታች ያለው ቁጥር ከቀበሌ የልማት ሠራተኛ የሚላክ ሪፖርት ነው። ሪፖርቱን የሚያጣራ ባለሙያ ማግኘት ግን ከባድ ነው፤ ቦታው ቢኖርም በሌላ ሙያ ሰው መሸፈኑ የተለመደ ነው። ምሩቁ ሥራ ሲፈልግ ከርሞ ወደ ማስተማር ወይም ወደ ንግድ ያዘነብላል፤ ወረዳውም ለዕቅዱ ከላይ የተላከለትን ግምት ይጠቀማል።

ለአራተኛው ቆጠራ ታብሌቶች ተገዝተው ነበር። የዞኖቹና የወረዳዎቹ ወሰን ከተለወጠ ወዲህ ግን መጀመሪያ መታረም ያለበት የቆጠራ ካርታው ነው፤ ለዚህ ደግሞ የጭልጋን ቀበሌዎች በእግሩ የሚያውቅ የስታቲስቲክስ ምሩቅ ከአይከል ውጪ መፈለግ አያስፈልግም።