የውሻ ዓይነ ምድርና የአደባባይ ንጽሕና፦ ለሰቆጣና ለዋግ ኽምራ ደጋማ አካባቢዎች የሚበጀው መሣሪያ የትኛው ነው?

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ፣ ለአንድ ጊዜ አገልግሎት ብቻ የሚውሉትንና በተለምዶ ፌስታል የሚባሉትን የፕላስቲክ ከረጢቶች የሚከለክል ነው። ውሳኔው ከአካባቢ ጥበቃ አንጻር የሚደገፍ ሲሆን በየቤቱ አንድ ተግባራዊ ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም። ይኸውም ቆሻሻን በእጅ ሳይነኩ ለማንሣት ሲያገለግል የቆየው ፌስታል በምን ይተካል የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ከሚነሣባቸው ጉዳዮች አንዱ በአደባባይ ሥፍራዎች የሚገኘውን የውሻ ዓይነ ምድር ማጽዳት ነው።

በሰቆጣ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ደጋማ ቀበሌዎች ውሻ የሚያዘው ለሥራ ነው። ግቢ ይጠብቃል፤ በግና ፍየልን ከጅብና ከቀበሮ ይከላከላል። ብዙው ቀን ታስሮ ማታ የሚለቀቅ፣ አንዳንዱም ጨርሶ የማይታሰር በመሆኑ የሚጸዳዳው ባለቤቱ በሌለበት ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ውሻውን በማሰሪያ እየመራ ከኋላው የሚያነሣበት፣ በሌሎች አገሮች የተለመደው አሠራር እዚህ ቢነገር ሰሚ አያገኝም። ለአካባቢው የሚስማማው መሣሪያ ርካሽ፣ እየታጠበ ደጋግሞ የሚያገለግልና የውሻው ባለቤት ባይኖርም ማንኛውም የአካባቢው ነዋሪ ሊጠቀምበት የሚችል መሆን አለበት። ከመሣሪያው ጋር አብሮ መታየት ያለበት ሌላ ጉዳይም አለ፤ ውሻው የሚበላውን መቆጣጠር ካልተቻለ የጣለውን ማንሣት ብቻውን በሽታን አያቆምም።

ጉዳዩ ከጽዳት ገጽታ ያለፈ ስለመሆኑ

በውሻ ዓይነ ምድር አማካይነት ከሚተላለፉት በሽታዎች መካከል ከፍተኛ ትኩረት የሚያስፈልገው የሃይዳቲድ በሽታ ነው። መነሻው በውሻ አንጀት ውስጥ የሚኖርና ርዝመቱ ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የኮሶ ትል ነው። የትሉ ዕንቁላሎች ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥተው በሣር፣ በአፈር፣ በውኃና በአትክልት ላይ ይበተናሉ፤ በውሻው ጸጉር ላይም ይቀራሉ። በግ፣ ፍየልና ከብት ሲግጡ ይወስዷቸዋል። ሰው ደግሞ ባልታጠበ እጅ፣ ባልታጠበ አትክልት ወይም በተበከለ ውኃ አማካይነት ሳያውቅ ይውጣቸዋል። ዕንቁላሉ ሰውነት ውስጥ ሲፈለፈል በጉበት፣ በሳንባ ወይም በሌላ የሰውነት ክፍል ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይፈጥራል። ከረጢቱ ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ሊያድግ ይችላል፤ ሕክምናውም እንደ ሁኔታው አልቤንዳዞልን በመሳሰሉ መድኃኒቶች ወይም በቀዶ ሕክምና የሚሰጥ ሆኖ ረጅም ክትትል ይጠይቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች አንዱ አድርጎ መድቦታል።

ሁለተኛው የውሻ ወስፋት ነው። የዚህ ትል ዕንቁላል በወጣበት ዕለት ሰውን አይበክልም፤ ለዚህ የሚበቃው በአፈር ውስጥ ሳምንታት ከቆየ በኋላ ነው። ይህም ዓይነ ምድርን ሳይውል ሳያድር ማንሣት ምን ያህል እንደሚጠቅም ያሳያል። አፈር ላይ የሚጫወቱና እጃቸውን ወደ አፋቸው የሚወስዱ ሕፃናት ለዚህ ትል ከሌላው ሰው ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። ከእነዚህ በተጨማሪ የተቅማጥ በሽታ የሚያስከትሉ ተህዋሲያን በውሻ ዓይነ ምድር ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ።

ይህ በሰቆጣ የተለየ ትርጉም አለው። የኢትዮጵያ መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል የሚጠራው በዚህችው ከተማ ስም ነው። የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከምግብ አቅርቦት ባሻገር ጤናን፣ ንጹሕ ውኃን፣ ግብርናንና ትምህርትን በአንድነት ያቀፈው፣ ሕፃን ልጅ በተደጋጋሚ ተቅማጥ ሲጠቃ የበላው እንደማይረባው ስለሚታወቅ ነው። ሕፃናት የሚድሁበትንና የሚጫወቱበትን መሬት ከእንስሳት ዓይነ ምድር መጠበቅ የዚሁ ሥራ አካል ነው።

አርብቶም አርሶም ለሚተዳደረው ነዋሪ ጉዳቱ በኑሮው ላይም ይደርሳል። በግ አንገቱን አዘንብሎ በአንድ አቅጣጫ የሚሽከረከርበትና በተለምዶ አዙሪት የሚባለው በሽታ መነሻው ሌላ የውሻ የኮሶ ትል ነው። በጉ ከውሻ ዓይነ ምድር ጋር የወጣውን ዕንቁላል ከሣር ጋር ሲበላ ዕጩ አንጎሉ ውስጥ ይቀመጣል። የታመመው በግ ታርዶ ጭንቅላቱ ለውሻ ሲጣል ደግሞ ዑደቱ እንደገና ይጀምራል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር መለየት ይገባል። የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፈው በንክሻና በምራቅ እንጂ በዓይነ ምድር አይደለም። ሆኖም በውሻ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

ዑደቱ የሚጀምረው ከእርድ ቦታ ነው

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንደሚባለው ሁሉ በበላበት አካባቢም ይጸዳዳል። በፋሲካ፣ በገና፣ በዘመን መለወጫ፣ በሠርግና በተዝካር ወቅት እርድ የሚከናወነው በአብዛኛው በግቢ ውስጥ ወይም በቅርጫ በሜዳ ላይ ነው። በእርዱ ወቅት ውኃ የቋጠረ ጉበት ወይም ሳንባ ሲገኝ «ይህ ለሰው አይሆንም» ተብሎ ለውሻ ይወረወራል። ድርጊቱ ንጽሕናን ለመጠበቅ ታስቦ የሚፈጸም ቢሆንም ውጤቱ ተቃራኒ ነው። ከረጢቱን የበላ ሰው በዚህ በሽታ አይያዝም። ከረጢቱን የበላ ውሻ ግን ከሳምንታት በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ የትል ዕንቁላሎችን በመንደሩ መበተን ይጀምራል። ሰውን የሚያሳምመው ይህ ዕንቁላል ነው።

ስለሆነም የአደባባይ ንጽሕና የመጀመሪያው መሣሪያ በእርድ ቦታ የሚዘጋጅ ጉድጓድ ነው። ውኃ የቋጠረ የሆድ ዕቃና የታመመ በግ ጭንቅላት ውሻ ቆፍሮ ሊያወጣው በማይችል ጥልቀት መቀበርና በድንጋይ መከደን፣ ካልሆነም ሙሉ በሙሉ መቃጠል ይኖርበታል። ማገዶ በሚቸግርበት በዋግ ኽምራ መቅበር ይቀላል። መሬቱ ድንጋያማ በሆነባቸው መንደሮች ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ በየበዓሉ ይቆፍር ማለት ከባድ በመሆኑ፣ በጎጥ ደረጃ አንድ ክዳን ያለው የጋራ ጉድጓድ አስቀድሞ ማዘጋጀት የተሻለ አማራጭ ነው።

የሚመከሩትና የማይመከሩት መሣሪያዎች

ለዕለታዊ ጽዳት ውድ ዕቃ አያስፈልግም። እጀታው ረጅም የሆነ አካፋ፣ ለመግፊያ የሚሆን አሮጌ መጥረጊያ ወይም ጠፍጣፋ እንጨት፣ አፉ ሰፋ ተደርጎ የተቆረጠና ክዳን የተበጀለት ጄሪካን እንዲሁም የእጅ መታጠቢያ ውኃና ሳሙና በቂ ናቸው። መሣሪያዎቹ ለዚህ ሥራ ብቻ መዋል አለባቸው፤ እህል የሚሰፈርበት፣ ሊጥ የሚቦካበት ወይም ውኃ የሚቀዳበት ዕቃ ለዚህ አገልግሎት ሊውል አይገባም። አካፋ በሌለበት ጊዜ አሮጌ ካርቶን ወይም ወረቀት ፌስታልን ሊተካ ይችላል።

የተሰበሰበው ዓይነ ምድር በመጸዳጃ ቤት ጉድጓድ ሊጨመር ወይም ከውኃ ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር በራቀ ቦታ ተቆፍሮ ሊቀበር ይችላል። እንደ ከብት ፍግ ለጓሮ አትክልት ማዳበሪያ ማድረግ፣ ወደ ወንዝና ጎርፍ መውረጃ ቦይ መጣል ወይም ከቤት ጥራጊ ጋር ክፍት ቦታ መድፋት አይፈቀድም። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ከተራራው የሚያጥበው ሁሉ ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ ስለሚወርድ የጽዳቱ ሥራ ዝናብ ከመጀመሩ በፊት ቢጠናከር ይመረጣል።

በኅብረተሰቡ ዘንድ የተለመዱ ሁለት ግምቶች መታረም ይኖርባቸዋል። አንደኛው በረኪና ሁሉን ይገድላል የሚለው ነው። የውሻ የኮሶ ትል ዕንቁላል በአብዛኞቹ የጽዳት ኬሚካሎች አይሞትም፤ የሚያጠፋው ከፍተኛ ሙቀት ነው። ስለዚህ አካፋውንና መያዣውን በፈላ ውኃ ማጠብና ፀሐይ ላይ ማድረቅ ከበረኪና ይበልጣል። ሁለተኛው አመድ ይበቃል የሚለው ነው። አመድ ሽታና ዝንብን ይቀንሳል፤ ዕንቁላሉን ግን ይገድላል ተብሎ ሊታመንበት አይገባም። ፀሐይና ድርቀት ዕንቁላሉን እንደሚያዳክሙ የታወቀ ቢሆንም በደጋው ቀዝቃዛና እርጥብ ሥፍራ ለወራት ሊቆይ ይችላል።

መሣሪያዎቹ ከምንጊዜውም በላይ የሚያስፈልጉት ውሻው የትል መድኃኒት በወሰደባቸው ቀናት ነው። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ትሉን እንጂ ዕንቁላሉን ስለማይገድል፣ በእነዚያ ቀናት የሚወጣው ዓይነ ምድር በዕንቁላል የተሞላ ሊሆን ይችላል። ውሻው ለሁለትና ሦስት ቀናት ታስሮ መቆየት፣ ዓይነ ምድሩም በሙሉ ተሰብስቦ መቀበር ወይም መቃጠል አለበት። ይህ ካልተደረገ በሽታን ለመከላከል የተሰጠው መድኃኒት ራሱ ዕንቁላሉን በመንደሩ ለመበተን ምክንያት ይሆናል።

ከሌሎች ልምድ የሚወሰድ

በዚህ ረገድ ሁለት የውጭ አገር ተሞክሮዎች የተለያየ ትምህርት ይሰጣሉ። የኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1978 ጀምሮ የውሻ ባለቤቶች የውሻቸውን ዓይነ ምድር እንዲያነሡ በሕግ አስገድዷል፤ አሠራሩም ከጊዜ በኋላ በብዙ ከተሞች ተለምዷል። ይህ ሕግ የሠራው ግን ውሻውና ባለቤቱ አብረው በሚወጡበት ከተማ ነው።

ለዋግ ኽምራ የሚቀርበው የአይስላንድ ልምድ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በግ አርቢዋ አይስላንድ በሃይዳቲድ በሽታ ክፉኛ የተጠቃች አገር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ሃራልድ ክራቤ የተባለ ዴንማርካዊ ተመራማሪ የበሽታውን መተላለፊያ የሚያስረዳ አነስተኛ መጽሐፍ አዘጋጅቶ በነፃ እንዲታደል ተደረገ፤ የታመመ የሆድ ዕቃ ለውሻ እንዳይሰጥ የሚያዝ ሕግም ወጣ። ከዚያ በኋላ ውሾችን ከትል ማከምና እርድን በቄራ ማከናወን እየተስፋፋ ሄዶ በሽታው ከደሴቲቱ ጠፋ። ለውጡ አሥርት ዓመታትን ቢወስድም የተጀመረው ውስብስብ በሆነ መሣሪያ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ ምክንያቱን እንዲረዳና የእርድ ተረፉን እንዲቀብር በማድረግ ነበር።

በኢትዮጵያ ይህን መሰል ትምህርት ለማዳረስ የሚያስችል መዋቅር አለ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የግልና የአካባቢ ንጽሕናን እስከ ቤተሰብ ድረስ ያወረደ ሲሆን፣ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው «ጽዱ ጎዳና፣ ኑሮ በጤና» ንቅናቄ ደግሞ የአደባባይ ንጽሕናን የከተማ አስተዳደሮች አጀንዳ አድርጎታል። ይሁን እንጂ በሁለቱም ውስጥ ጎልቶ የወጣው የሰው ዓይነ ምድር አወጋገድ ነው፤ የውሻው ጉዳይ በጤና፣ በግብርናና በማዘጋጃ ቤት መካከል ባለቤት እንዳያጣ ሦስቱ አካላት በጋራ ሊመሩት ይገባል። በተለይ ባለቤት የሌላቸው ውሾች የሚጥሉትን ማን ያነሣል የሚለው በቤተሰብ ደረጃ ሊመለስ የማይችል በመሆኑ፣ ገበያን፣ መናኸሪያንና የትምህርት ቤት አካባቢን የሚያጸዱ ሠራተኞች ረጅም እጀታ ያለው አካፋ፣ ጓንት፣ ቦት ጫማና የእጅ መታጠቢያ ሊሟላላቸው ይገባል።

አገልግሎት ፈላጊዎች ወዴት መሄድ አለባቸው?

የትል መድኃኒት ለውሻ የሚሰጠው በክብደቱ ልክ በመሆኑ ባለቤቶች በአቅራቢያቸው የሚገኝ የእንስሳት ጤና ክሊኒክን ማማከር አለባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ሃይዳቲድ በሚገኝባቸው አካባቢዎች ውሾች በዓመት ቢያንስ አራት ጊዜ እንዲታከሙ ይመክራል። ለሰው የተሰጠን መድኃኒት ለውሻ፣ ለውሻ የተሰጠውንም ለሰው መስጠት ክልክል ነው። በጎቻቸው የአዙሪት ምልክት ያሳዩባቸው አርቢዎችም ለዚሁ ክሊኒክ ሊያሳውቁ ይገባል።

በቀኝ ጎኑ በኩል የቆየ ሕመም ወይም እብጠት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የቆየ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ያለበት ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመርና ከውሻ ጋር የሚኖር መሆኑን ለባለሙያው መንገር አለበት። አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ ጤና ጣቢያው ሰቆጣ ወደሚገኘው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ወይም ወደ ሌላ ከፍተኛ ተቋም ይልካል። ስለ ጉድጓድ አዘገጃጀትና ስለ እጅ መታጠብ ምክር የሚፈልጉ ቤተሰቦች በቀበሌያቸው ጤና ኬላ የሚገኙትን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ማነጋገር ይችላሉ። የጋራ ጉድጓድ ቦታ ለማስፈቀድና በአደባባይ ሥፍራ የተከማቸ ቆሻሻን ለማስነሣት በከተማ ማዘጋጃ ቤቱን፣ በገጠር ቀበሌውን መጠየቅ ይገባል።

ፌስታል ከገበያ ሲወጣ ቦታውን የሚተካው አካፋና ክዳን ያለው ጄሪካን በአብዛኛው ቤት ያለ ወይም በቀላሉ የሚበጅ ዕቃ ነው። ዘላቂ ውጤት የሚያመጣው ግን በመጪው በዓል በጉን ያረደ አባወራ ውኃ የቋጠረውን ጉበት ለውሻው ከመወርወር ይልቅ ለመቅበር ሲወስን ነው።