ትንሹ እንሽላሊት አልበላ ሲል

በቅርቡ ከመደብር የመጣ፣ ገና ሁለት ወይም ሦስት ወር የሆነው ቢርድድ ድራገን የተባለ እንሽላሊት ምግብ ሲያቆም ባለቤቶቹ ሁለት ተቃራኒ ምክር ይደርሳቸዋል። አንዱ ወገን «ተዉት፤ እንሽላሊት ነው፤ ሲርበው ይበላል» ይላል። ሌላው «ሕፃን ነው፤ ባዶ ሆዱን ማደር የለበትም፤ በሲሪንጅም ቢሆን አጉርሱት» ባይ ነው። ሁለቱንም የሚሉት ለእንስሳው የሚያዝኑ፣ ብዙ ያሳደጉ ሰዎች ስለሆኑ ክርክሩን በአንድ ቃል መቁረጥ ይከብዳል።

መጠበቅን የሚመክሩት ትልቅ እውነት ይዘዋል። ይህ እንሽላሊት የአውስትራሊያ መሀል አገር ደረቅ መሬት ፍጥረት ነው። አውስትራሊያ የዱር እንስሳቷን ለንግድ ወደ ውጭ መላክ ከከለከለች ብዙ ዘመን ስለሆነ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ መደብሮች የሚታዩት በሰው እጅ የተፈለፈሉ ናቸው። ሰውነታቸው ግን ዛሬም የሚሠራው በዚያ በረሃ ሕግ ነው። ሙቀቱን ከውጭ ስለሚያገኝ እንደ ቡችላ ምግብ ቶሎ ቶሎ አያቃጥልም። ቦታ ሲቀየርበት ይደነግጣል፦ ሆዱ ላይ ጠቆር ያሉ መስመሮች ይወጣሉ፣ ጺሙ ይጠቁራል፣ ከግንዱ ሥር ገብቶ ይሸጎጣል። በዚህ ሰሞን ልጆች ደጋግመው እያነሡ ቢያቅፉት፣ አዋቂዎችም የመስታወት ቤቱን እያንኳኩ ቢያዩት ጭራሽ ይብስበታል። ብዙዎቹ ለጥቂት ቀናት በሰላም ከተተዉ ራሳቸው ወጥተው ፌንጣ ማሳደድ ይጀምራሉ። ቆዳውን ሲገፍም እንዲሁ ነው፤ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ የምግብ ፍላጎቱ ይወርዳል፣ ቆዳው ሲወልቅ ይመለሳል።

የሌላው ወገን ስጋትም መሠረት አለው። ያደገ ድራገን ቀዝቃዛው ወቅት ሲመጣ ለሳምንታት ተኝቶ፣ ያጠራቀመውን ስብ እየተጠቀመ ሊከርም ይችላል። ትንሹ ግን ያጠራቀመው ስንቅ የለም። በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ነፍሳት እየበላ በየሳምንቱ ማደግ ያለበት ፍጥረት ነው። ስለዚህ ዓመት ያልሞላውን «የክረምት እንቅልፉ ይሆናል» ብሎ መተው በጣም ያስፈራኛል። ከዝምታው በስተጀርባ አንጀት ውስጥ የተራባ ኮክሲዲያ የተባለ ተውሳክ ሊኖር ይችላል፤ ከእናቱ ወይም ከእኩዮቹ የያዘው አዴኖቫይረስም ሊሆን ይችላል። ሁለት ሆነው በአንድ ቤት ካደጉ ደግሞ ትልቁ የሞቀውን ቦታ ይዞ ትንሹን ያስፈራራዋል። ለሰው ዓይን ተቃቅፈው የተኙ ይመስላሉ፤ ታች ያለው ግን ሙቀትም ምግብም የተነፈገው ነው። እዚያ ቤት መድኃኒቱ መለየት ብቻ ነው።

እኔ ሁለቱን ወገኖች ከመስማቴ በፊት የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ መሞቂያው ስንት ዲግሪ ነው? መስታወቱ ላይ የተለጠፈችው ክብ መለኪያ የምትናገረው የመስታወቱን ሙቀት ነው፤ እሷም ብትሆን ብዙ ጊዜ ትሳሳታለች። እንሽላሊቱ ሆዱን የሚያሳርፍበት ድንጋይ ወይም እንጨት በጨረር ቴርሞሜትር ሲለካ ለትንሽ ድራገን 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ጥቂት ከፍ ያለ ሙቀት ሊኖረው ይገባል፤ በፋራናይት ወደ 105 መሆኑ ነው። ቤቱ በሌላው ጫፍ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ድረስ ቀዝቀዝ ማለት አለበት፤ አለዚያ ሲሞቀው የሚሸሽበት አይኖረውም። መሞቂያው 32 ብቻ ከሆነ የጾሙ ምክንያት እዚያው ተገኘ ማለት ይቻላል፦ ሳይሞቅ መፍጨት አይችልም፣ መፍጨት ካልቻለ ደግሞ አይበላም።

መብራቱም ከሙቀቱ አይተናነስም። የዩቪቢ ጨረር ካላገኘ ቫይታሚን ዲ3 በበቂ አይሠራም፤ ያለ ዲ3 ደግሞ የተሰጠው ካልሲየም ከአንጀቱ አይመጠጥም። አጥንቱ እየለሰለሰ ይሄዳል፣ መንጋጋው ይላላል፣ ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። ፌንጣ ፊቱ እየዘለለ ዝም ብሎ የሚያይ እንሽላሊት አንዳንዴ ጠግቦ ሳይሆን ማኘክ እያመመው ነው። ዩቪቢ አምፖል ለዓይን እያበራ ጨረሩ ሊያልቅ ስለሚችል እንደ ዓይነቱ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ መቀየር አለበት። መስኮት አጠገብ ማስቀመጥም አይተካውም፤ መስታወት ያንን ጨረር አያሳልፍም።

አሁን ወደ ማጉረሱ ልምጣ። ያደግነው አልበላ ያለን በጉርሻ እያባበሉ በሚያበሉበት ማዕድ ነውና ፍላጎቱ ይገባኛል። ሙቀቱ ያልተስተካከለ እንስሳ ግን በሲሪንጅ የተሰጠው ምግብ ሆዱ ውስጥ ሳይፈጭ ይበላሻል። መንጋጋው የላላ ከሆነ አፉን ለመክፈት ስንታገል እንሰብረዋለን። ጎሮሮው መግቢያ ላይ፣ ከምላሱ ኋላ የምትታየው ትንሽ ቀዳዳ የአየር መንገዱ ናት፤ ፈሳሽ እዚያ ከገባ ሳንባውን ይጎዳል። በሐኪም የታዘዘና ሐኪሙ አሳይቶ ያለማመደው የሲሪንጅ ምግብ ግን ሕይወት ያተርፋል፤ ያንን የሚክድ ሰው በጣም የተዳከመ እንስሳ አላየም። አፍንጫው ጫፍ ላይ አንድ ጠብታ ውኃ አድርጎ እንዲልስ መጠበቅ ለማንም የተፈቀደ ነው። ፌንጣው በእንሽላሊቱ ዓይኖች መካከል ካለው ስፋት እንዳይበልጥ ማድረግም እንዲሁ፤ ሳይበላ የቀረውን ከመምሸቱ በፊት መልቀምም አይረሳ፤ የተራበ ፌንጣ የተኛ እንሽላሊት ይነክሳል። አንድ ማስጠንቀቂያ አሜሪካ ውስጥ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖሩ ልጆች፦ በሐምሌ ምሽት ግቢ ውስጥ ብልጭ ድርግም እያሉ የሚበሩትን ነፍሳት ይዞ ማቅረብ ፈጽሞ አይገባም። አንዷ ብቻ ድራገኑን ልትገድለው ትችላለች።

የገንዘቡ ነገር በሹክሹክታ ቢነገርም የክርክሩ ግማሽ እሱ ነው። ተሳቢ እንስሳትን የሚያክም ሐኪም በየሰፈሩ አይገኝም፤ ምርመራውም ከእንሽላሊቱ መግዣ ሊበልጥ ይችላል። በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ የሁለት ፈረቃ ሥራ የሚሠራ አባት «ለአንድ እንሽላሊት?» ብሎ ቢጠይቅ ልበ ደንዳና አልለውም፤ የቤት ኪራይና ወደ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ አለበት። ሆኖም ልጁ ያንን ፍጥረት ለማሳደግ ቃል ሲገባ እሱም አብሮ ገብቷል። መካከለኛ መንገድም አለ፦ ትኩስ ሰገራውን በንጹሕ ዕቃ ይዞ መሄድ፤ የሰገራ ምርመራ ከሙሉ ሕክምና ይቀላል። ውጤቱም መነበብ ያለበት በጥንቃቄ ነው፤ ጤነኛ ድራገኖችም ጥቂት ተውሳክ ይዘው ይኖራሉና። ሕፃናት ባሉበት ቤት ደግሞ ሲሪንጁም ሆነ የውኃ ሳሕኑ ምግብ በሚሠራበት ገንዳ አይታጠብ። እነዚህ እንሽላሊቶች ሳልሞኔላ ስለሚይዙ የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች እንዳይነኳቸው ይመክራል።

እንግዲህ መጠበቅ ይቻላል ወይ? በሚዛን ከሆነ፣ አዎ። ግራም የሚለካ የወጥ ቤት ሚዛን ለእሱ ብቻ ይገዛና በየሁለት ቀኑ ጠዋት ይመዘናል፣ ቁጥሩም ይጻፋል። ሙቀቱና መብራቱ ተስተካክሎ፣ ዓይኑ ንቁ ሆኖ፣ ክብደቱ ካልወረደ ለአዲስ መጤ ሳምንት ያህል መታገሥን እደግፋለሁ። ከክብደቱ አንድ አሥረኛው ከጎደለ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ የጅራቱ ሥር ስብ ከስቶ አጥንቱ ከታየ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ሆዱ ተነፍቶ ሰገራ ካቆመ የትዕግሥቱ ቀን አልፏል፤ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይደወል። ሲኬድም የክብደቱ ቁጥሮች፣ የመሞቂያው ዲግሪና የአምፖሉ ሳጥን ፎቶ ይያዙ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እነዚህን ነው።