ፎርት ስኔሊንግን በቀጠሮ ብቻ አንወቀው

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የምትኖሩ የሀገሬ ልጆች!

ፎርት ስኔሊንግ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አንድ ሕንፃ ነው፤ የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቱ ያለበትን የዊፕል ፌዴራል ሕንፃ። ልብሳችንን ተኩሰን፣ ወረቀታችንን በፋይል ታቅፈን፣ በማለዳ እንሄዳለን። የተሳካለት እልል ብሎ፣ ያልተሳካለት አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ቦታውን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ከአውሮፕላን ማረፊያው ሰው ስናመላልስም በአጠገቡ በፍጥነት እናልፋለን።

ጥሪዬ ይህ ነው፦ ወደ ፎርት ስኔሊንግ ያለ ቀጠሮ፣ ሁላችንም በአንድነት እንሂድ። በቀጠሮ የሚሄደውን ደግሞ ብቻውን አንልቀቅ።

ባህላችንን እናከብራለን እንላለን፤ እውነትም እናከብራለን። እንቁጣጣሽ ሲደርስ አዳራሽ እንከራያለን፣ ዶሮ ወጡ ይሠራል፣ ልጆቻችን እስክስታ ይወርዳሉ። ኢሬቻውም፣ አሸንዳውም፣ ኢዱም በየፊናው ይከበራል። ሀገር ቤትም ኅዳር 29፣ በብሔር ብሔረሰቦች ቀን፣ ሁሉም በየልብሱ ደምቆ መድረክ ላይ ይወጣል። ደስ ይላል፣ ይቀጥል። ነገር ግን ሰው በቀሚስ ጥልፍ ተጣልቶ አያውቅም። የምንጣላው በመሬት፣ በመቃብር፣ «ባለቤቱ ማን ነው፣ መጤውስ ማን» በሚለው ነው። መድረኩ ላይ አብረን ጨፍረን፣ ስለዚህ ጉዳይ ለመነጋገር ስንቀመጥ ግን ጠረጴዛ የምንገለብጠው ለዚህ ነው።

ይህንን ጉዳይ የሚያስተምር ቦታ ከደጃችን አለ። ሚሲሲፒና ሚኒሶታ ወንዞች የሚገናኙበትን ያንን ስፍራ ዳኮታዎች ብዶቴ ይሉታል፤ ብዙዎቹም የሕዝባቸው መፈጠሪያ ነው ብለው ያምናሉ። የአሜሪካ ጦር በ1820ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከገደሉ አናት ላይ ምሽግ ሠራበት። በአሜሪካና በዳኮታዎች መካከል ከተደረገው የ1862ቱ ጦርነት በኋላ 1,600 ያህል ዳኮታዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን፣ ከምሽጉ ሥር ባለው ሜዳ ታጉረው ያንን የምታውቁትን የሚኒሶታ ብርድ በድንኳን አሳለፉት። ከመቶ በላይ ሰዎች በበሽታ አለቁ። የተረፉት በ1863 በእንፋሎት መርከብ ተጭነው ከሀገራቸው ተባረሩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ መታሰቢያቸው ዛሬም በፎርት ስኔሊንግ መናፈሻ ውስጥ ቆሟል።

ድሬድ ስኮትም የኖረው በዚሁ ምሽግ ነው። በ1836 የጦር ሐኪም ባሪያ ሆኖ መጣ፤ ሃሪየትን ያገባውም እዚሁ ነው። በአካባቢው ባርነት በሕግ የተከለከለ ነበር፤ መኮንኖቹ ግን ባሪያ ያሳድሩ ነበር። ባልና ሚስቱ ነጻነታቸውን በፍርድ ቤት ጠየቁ። በ1857 የሀገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጥቁር ሰው ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ ፈረደባቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ በ1944 የጦሩ የጃፓንኛ ቋንቋ ትምህርት ቤት ወደዚሁ ምሽግ ተዛወረ። ከተማሪዎቹ የብዙዎቹ ወላጆች ጃፓናዊ በመሆናቸው ብቻ በሽቦ አጥር ታስረው ነበር። ያስጠረጠራቸው የወላጆቻቸው ቋንቋ ሲቸግር ተፈለገ፤ ያኔም አጥርቶ የሚናገረው ጥቂት ሆኖ ተገኘ።

«የራሳችን ቁስል ሳይሽር የሰው ታሪክ ምን ያደርግልናል?» የሚል ይኖራል። መልሴ ይህ ነው፦ በዳኮታ ታሪክ ውስጥ የምንሟገትለት ወገን የለንም። አማራውም፣ ኦሮሞውም፣ ትግራዋዩም፣ ሶማሌውም እኩል እንግዳ ነው። ስለ ሀገራችን ስናወራ አንዱ ሲናገር ሌላው የሚመልሰውን ያዘጋጃል እንጂ አያዳምጥም። እዚያ ወንዝ ዳር ግን የተበደለን ሰው ታሪክ ሳንሟገት መስማት እንለማመዳለን። ያንን ጆሮ ይዘን ስንመለስ እርስ በርሳችን መደማመጥ እንችላለን።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናድርግ።

አንደኛ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ ቸርቹና ኮሚኒቲው በየፊናው ሳይሆን በጋራ አንድ ቅዳሜ ይምረጥ። ልጆቻችንን ደባልቀን እንጫን። መናፈሻው የሚያስከፍለው በመኪና እንጂ በሰው ቁጥር አይደለም፤ ሚኒቫን ያላችሁ ሙሉአት። ከዳኮታዎቹ መታሰቢያ ፊት ቆመን፣ ታሪኩን ልጆቹ ራሳቸው ያንብቡልን።

ሁለተኛ፣ እድራችን ሰው ሲሞት ብቻ አይነሣ። ፍርድ ቤት ቀጠሮ ላለው ሰው ተራ እናውጣ፤ አንዱ ያድርሰው፣ አንዷ ልጆቹን ትያዝለት፣ አንዱ አብሮት ይቀመጥ። የማን ወገን ነው ብለን አንጠይቅ። ሕንፃው የተሰየመለት ዊፕል እኮ ብዙው ነጭ ሰፋሪ «ይሰቀሉ!» ሲል ለዳኮታዎቹ ምሕረት የለመነ ነጭ ጳጳስ ነበር። እርሱ ለባዕድ ከቆመ እኛ ለጎረቤታችን መቆም ያቅተናል?

ሦስተኛ፣ ልጆቻችን በቋንቋችን ከአያቶቻቸው ጋር ያውሩ። ጠያቂዎቹ እነርሱ ይሁኑ፤ ከየት እንደመጣን፣ ማን እንዳስጠጋን፣ ማንን እንደበደልንም ጭምር ጠይቀው በስልካቸው ይቅረጹ። ከዚያ የአንዱን ቤት ቅጂ ሌላው ቤት ይስማው።

እናቶች፣ አባቶች፣ ወጣቶች! ይህን ለማድረግ የማንም ፈቃድ አያስፈልገንም፣ አዳራሽም አንከራይም። በዚህ ሳምንት ከቅዳሴ መልስ፣ ከጁምዓ መልስ፣ ቡናው ሲፈላ አንድ ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ ያውጣ። ቀን ይቆረጥ፣ ሾፌር ይመደብ፣ ስም ይጻፍ። የመጀመሪያው ስም ያንተ፣ የመጀመሪያው መኪና ያንቺ ይሁን። እንነሣ!