ባለቤት አልባው ግሥና ያልመጣው ባቡር

እኔ ደህና ነኝ፤ ማለትም እስካሁን ባለው ሁኔታ ደህና መሆኔ ተገልጿል።

ይህችን ጽሑፍ ደሴ ላይ ማክሰኞ ማታ ጀመርኳት። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ መብራት ተቋረጠ። ረቡዕ ማለዳ መብራቱ መጣ ስንል ውኃው ተቋረጠ። ሐሙስ ሁለቱም ተያይዘው መጡ፤ እኔ ደግሞ የምጽፈው ጠፋብኝ። ዓርብ ማታ በሻማ ብርሃን ተቀምጬ የጀመርኩትን መልሼ ሳነብ ግን አንድ ነገር ዓይኔን ወጋኝ፤ «መብራት ተቋረጠ» ብዬ ጽፌአለሁ። ማን ቆረጠው? አላልኩም። ለካስ እኔም ሳላውቀው የማታ ዜና አንባቢ ሆኛለሁ!

በተማሪነታችን ዘመን የአማርኛ መምህራችን ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ካሳ በጉን አረደው» ብለው ይጽፉና «የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ማነው?» ይሉን ነበር። «ካሳ!» እንላለን በአንድ ድምፅ። ያጠፉና «በጉ ታረደ» ብለው ይጽፋሉ። «አሁንስ ባለቤቱ ማነው?» ሲሉ ክፍሉ ጸጥ ይላል። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ደፋር «ካሳ አምልጧል ጋሼ!» ብሎ አሳቀን። መምህራችን ግን ሳይስቁ አረሙን፤ «ባለቤቱ በጉ ነው» አሉ።

ያኔ አልገባኝም ነበር። የታረደው በግ እንዴት ባለቤት ይሆናል? ዛሬ ሸምግዬ ገባኝ። የተደራጊ ግሥ ምሥጢር ይኸው ነው፤ ያረደው ቢላውን ጠርጎ ከዓረፍተ ነገሩ ይወጣል፣ የታረደው ደግሞ ባለቤት ተብሎ ይሾማል። «ችግሩ ተፈጠረ» ሲባል የችግሩ ባለቤት ራሱ ችግሩ ነው። «ፕሮጀክቱ ተጓተተ» ሲባል ተጠያቂው ፕሮጀክቱ ነው። በዚህ ሰዋስው መሠረት በሀገራችን ውስጥ ባለቤት ያጣ ችግር የለም፤ እያንዳንዱ ችግር የራሱ ባለቤት ነውና።

ይህን ካስተዋልኩ በኋላ ማስታወሻ ደብተር ይዤ ዜና እየሰማሁ ግሦቹን ብቻ ለቀምኩ። ውጤቱ እነሆ። ሪባን በሚቆረጥበት ቦታ ሁሉ ግሡ አድራጊ ነው፤ ክቡርነታቸው አስመረቁ፣ አስጀመሩ፣ ጎበኙ፣ የመሠረት ድንጋይ አኖሩ። ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ነገሩ ሲበላሽ ግን ያቺ «ተ» የምትባል ፊደል ጃንጥላዋን ይዛ ከተፍ ትላለች፤ ተስተጓጎለ፣ ተጓተተ፣ ተከሰተ፣ ተስተዋለ፣ ተቋረጠ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት «ተቋረጠ»። ወራት ተቆጠሩ። ቀስ በቀስ ደግሞ «ተመለሰ»። ወጣ ብሎ የተመለሰ ዘመድ ይመስል፣ የት ሄዶ እንደነበረ የጠየቀውም የነገረንም የለም።

አሁን ወደ ባቡሩ ልምጣ።

በቅድሚያ ግን አንድ ኑዛዜ አለብኝ። እኛ ደሴዎች ጦሳን ተደግፈን ጉም ስንቆጥር እንኖራለን። አውሮፕላን ማረፊያው ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቁ ኮምቦልቻ፣ ቢራ ፋብሪካው ኮምቦልቻ፣ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም ኮምቦልቻ ነው። ለእኛ የደረሰን ብርዱ ነው። ስለዚህ ደሴ ተቀምጬ ስለ ኮምቦልቻ ባቡር ስሟገት «ቅናት ነው» የሚለኝ አይጠፋም። አዎን፣ ትንሽ ቅናት አለበት። ነገር ግን ወዳጆቼ፣ በሌለ ባቡር እንዴት ይቀናል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አልፎ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው የባቡር መስመር ወደ 390 ኪሎ ሜትር ግድም ይረዝማል። ያፒ መርከዚ ከተባለው የቱርክ ተቋራጭ ጋር ውሉ የተፈረመው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ዋጋው 1.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ። ግንባታው በይፋ የተጀመረው በየካቲት 2007 ዓ.ም. ነው። አዋሽ ላይ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር ጋር ይገናኛል፤ ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ የተሳፈረ ዕቃ ባሕር ይደርሳል ማለት ነው። ዋሻው ተቦረቦረ፣ ድልድዩ ተዘረጋ፣ ሐዲዱ ተነጠፈ። (እነዚህን ተደራጊ ግሦች ይቅር በሉኝ፤ ቢያንስ የሠራተኞቹ ላብ እውነተኛ ነበር።) ከዚያም ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ክፍል ከ90 በመቶ በላይ መድረሱ ተነገረን። የቀረውስ ምንድን ነው? ቢባል፣ ባቡሩ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነውና የኤሌክትሪክ ኃይል አልደረሰውም ተባለ።

ይህን የሰማሁ ዕለት ለባቡሩ አዘንኩለት። እኔና እሱ የአንድ ዕጣ ተካፋዮች ነን፤ ሁለታችንም መብራት እስኪመጣ ቁጭ ብለናል። ልዩነታችን እኔ ሻማ መግዛት መቻሌ ብቻ ነው። ዛሬ ሀገራችን ለጅቡቲና ለኬንያ ኤሌክትሪክ ትሸጣለች፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውን የዓባይን ግድብ አስመርቃለች። እሰየው፣ ደስ ብሎናል፣ እኛም ቦንድ ገዝተንበታል። እኔ ግን ኮምቦልቻ ላይ የባቡር ትኬት የቆረጠ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ከዋነኞቹ አበዳሪዎች አንዱ የነበረው ክሬዲት ስዊስ፣ ከ160 ዓመት በላይ የኖረ አንጋፋ ባንክ፣ በ2015 ዓ.ም. በጭንቅ ላይ ሳለ በተፎካካሪው በዩቢኤስ ተጠቅልሎ ተገዛ። አበዳሪው ሞተ፣ ባቡሩ አልተወለደም። ዕዳ ግን አይሞትም፤ ወራሽ አለው።

አሁን ደግሞ ስለዚህ «በመቶ» ስለሚሉት ነገር ላውራ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ጨርሶ ሲወርድ ረዳቱ በሩን ከፍቶ «ጋሼ፣ አፈጻጸማችን 90 በመቶ ደርሷል፣ ይውረዱ» ቢለኝ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል በእግሬ እየሄድኩ የማመሰግነው ይመስላችኋል? ልብስ ሰፊው ሱሪዬን 95 በመቶ ሰፍቶ ቢያስረክበኝና የቀረው መቀመጫው ቢሆን፣ «አበረታች ውጤት» ብዬ ሰርግ ቤት እሄዳለሁ? ባቡር እንደ ፈተና ውጤት አይደለም፣ 90 አምጥቶ አንደኛ አይወጣም። ወይ ይሄዳል፣ ወይ አይሄድም።

«ጦርነቱን ረሳኸው እንዴ?» የምትሉኝ አትጠፉም። እንዴት እረሳዋለሁ? በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ደሴንና ኮምቦልቻን ያዙ፤ የመንግሥት ጦር ኅዳር 27 መልሶ እስኪይዛቸው ድረስ ሆስፒታሉም፣ ፋብሪካዎቹም፣ የባቡር ፕሮጀክቱም ለዝርፊያና ለውድመት ተዳርገዋል። ይህ ቁስል እንዲህ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም፤ የፈረሰውን ለመጠገን ጊዜና ገንዘብ እንደሚጠይቅም አልክድም። ነገር ግን ቁጠሩልኝ። ጦርነቱ ኮምቦልቻ የደረሰው ግንባታው በይፋ ከተጀመረ ስድስት ዓመት ከስምንት ወር በኋላ ነው። ያኔም ባቡሩ አገልግሎት አልጀመረም ነበር። ጦርነቱ ሐዲዱን ሊጎዳ ይችላል፤ ከእሱ በፊት ያልተዘረጋውን ሽቦ ግን ጦርነቱ አልቆረጠውም።

«ባቡር ጊዜ ይወስዳል፣ የምኒልክም ባቡር ሃያ ዓመት ፈጅቷል» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ተጀምሮ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ባለኮንሴሲዮኑ ኩባንያ በመሐል ከስሯል። ይሁንና በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ድሬዳዋ ድረስ፣ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በዶማና በግመል ዘመን በአምስት ዓመት ደርሶ ሥራ ጀምሯል። በ90 በመቶ በረሃ ላይ አልቆመም።

ደግሞ ልብ በሉ፤ የሕዝባችን አማርኛ እንዲህ አልነበረም። ደሴ ውስጥ ያገኛችሁትን ሽማግሌ «አይጠየፍ አዳራሽስ?» ብትሉት «ንጉሥ ሚካኤል አሠሩት» ይላችኋል። «አይጠየፍ በቅንጅት ተገነባ» አይላችሁም። በኅዳር 1928 ዓ.ም. በደሴ ላይ ከሰማይ ስለወረደው መዓት ብትጠይቁትም «ጣሊያን በአውሮፕላን ደበደበን» ይላል፤ «ድብደባ ተከስቶ ነበር» አይልም። መልካሙንም ክፉውንም በባለቤቱ ይጠራ ነበር። ባለቤቱ ሲጠራ መመስገንም አለ፣ መወቀስም አለ፣ መታረምም አለ።

ይህን ሁሉ ፍልስፍና ደርድሬ ሳበቃ ግን እኔንም ያጋለጠኝ ሰው አለ።

በዚሁ ሳምንት ለጉዳይ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ አንዲት እናት ተቀምጠው ነበር። ሐዲዱ ወደሚታይበት ስንደርስ በጣታቸው እያሳዩ፣

«ልጄ፣ ይኼ ብረት መቼ ነው የሚሠራው?» አሉኝ።

«በቅርቡ ይጀመራል እየተባለ ነው፣ እማማ» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና ዞር ብለው አዩኝ። «ማነው ባዩ?»

መልስ አጣሁ። ሰባ ቃል የማይሞላ ጨዋታ ውስጥ የዘመኔን ዜና ሁሉ ባዶ አስቀሩት። ከዚያ ዝም ብለው ቆዩና እንዲህ አሉኝ፤ «የልጅ ልጄ ይኼ ሲሠራ 'እዚሁ ሥራ እይዛለሁ' ይለኝ ነበር፣ ወላሂ። ጠበቀ፣ ጠበቀና በባቲ በኩል ወረደ። ጅቡቲ ደረስኩ ብሎ ደውሎልኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም።»

«አብሽሩ እማማ፣ ይደውላል» አልኳቸው። ሌላ ምን ይባላል? ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌ፣ በአፋር በረሃ አድርገው ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ የመንና ሳዑዲ የሚሄዱ የወሎ ልጆች ስንት ናቸው? ያን መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከየቤታችን አንድ ሰው ሄዶበታል። 1.7 ቢሊዮን ዶላር የተመደበለት ባቡር ያልደረሰበትን ባሕር፣ ልጆቻችን በነጠላ ጫማ ደረሱበት። እነሱ በመቶኛ አልሄዱም። መንገድ ላይ ለቀረው ልጅም አፈጻጸሙ ስንት በመቶ እንደነበረ እናቱን የሚነግር የለም።

ስለዚህ ከእንግዲህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፤ ባቡሩን አምጡልኝ እንኳ አላልኩም። ግሡን አድራጊ አድርጉልኝ! የባቡር ኮርፖሬሽኑም ሆነ ከበላዩ ያለው መሥሪያ ቤት በአምስት ቀጥተኛ ዓረፍተ ነገር ይጻፍልን። ኃይሉን የሚያገናኘው ማነው፣ በየትኛው ቀን? በጦርነቱ የጠፋው ዕቃ ምን ያህል ነው፣ ማን ቆጠረው? ለአበዳሪዎች እስካሁን ስንት ከፈልን፣ ስንትስ ቀረብን? የቀረውን ሥራ የሚጨርሰው ተቋራጭ ማነው? ቀኑ ቢያልፍስ ማን ፊታችን ቆሞ «እኔ አዘገየሁት» ይላል? አምስት ዓረፍተ ነገር፣ አምስት ባለቤት። ለአማርኛ መምህሬ ቢሰጧቸው አርመው በአንድ ክፍለ ጊዜ ይመልሱት ነበር።

እናንተም ወገኖቼ አንድ ውለታ ዋሉልኝ። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ዜና ስትሰሙ፣ «ተገለጸ» ሲባል ልጆቻችሁ እንዲሰሙ ጮክ ብላችሁ «ማነው ባዩ?» በሉ። ሰፈሩ ሁሉ ቢለው፣ ከደሴ ፒያሳ እስከ ኮምቦልቻ ቢለው፣ ምናልባት አንድ ቀን ካሳ ከተደበቀበት ይወጣ ይሆናል።

እኔም ከራሴ ልጀምር። ይህችን ጽሑፍ ያዘገየኋት እኔ ነኝ። መብራቱን ያጠፋው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ስሙን ሲነግሩኝ እነግራችኋለሁ።

ሻማዬ እያለቀ ነው። ቸር ሰንብቱ።