እብጠቱ ሳይመረመር አይቆረጥ

በደብረ ወርቅም ሆነ በቢቸና ብዙ ሰው ጭኑ ላይ የወጣን እብጠት «አያመኝም» ብሎ ይተወዋል። አለማመሙ ግን ዋስትና አይሆንም፤ ሳርኮማ የሚባለው የጡንቻና የስብ ካንሰር ብዙ ጊዜ ሳያም ያድጋል። አብዛኛው እብጠት ጉዳት የሌለው፣ ብዙ ጊዜም የስብ እጢ መሆኑ እውነት ነው። ከ5 ሴንቲሜትር የበለጠ፣ እያደገ የሚሄድ ወይም ከጡንቻ ሥር የተቀበረ ከሆነ ግን በአልትራሳውንድ፣ ቀጥሎም በኤምአርአይ ሳይታይ፣ በመርፌም ናሙና ሳይወሰድለት ምላጭ ሊነካው አይገባም። ሳርኮማ በግምት ሲቆረጥ ብዙ ጊዜ ሕዋሶቹ በቁስሉ ዙሪያ ይቀራሉ፤ ቀጣዩ ቀዶ ሕክምና ይሰፋል፣ እግር እስከ ማጣትም ሊያደርስ ይችላል። የክልሉ ጤና ቢሮ ለየወረዳው ሆስፒታል የአልትራሳውንድ ባለሙያ ይመድብ፤ የተጠረጠረ ሕመምተኛም ሳይቆረጥ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቶሎ ይላክ። ተቆርጦ የወጣ እጢም ወደ ፓቶሎጂ ምርመራ ይሂድ እንጂ አይጣል።