የጅግጅጋን ታሪክ ማን ይጻፈው?

ተማሪዎች ሆይ፣ ስለ ጅግጅጋ የምታውቁትን ተናገሩ ብትባሉ ብዙዎቻችሁ አስቀድማችሁ የምትጠሩት ካራማራን እንደሚሆን እገምታለሁ። በእርግጥም ከተማይቱ መስከረም 2 ቀን 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦር እጅ መውደቋና በዚያው ዓመት የካቲት 26 ቀን መለቀቋ በአገራችን ታሪክ ጉልህ ስፍራ አለው። ዳሩ ግን ስድስት ወር ያልሞላ ጊዜ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየውን የአንድ ከተማ ኑሮ ሊጋርደው ይገባልን? እኔ አይገባም ባይ ነኝ።

ጅግጅጋ ምሽግ ከመሆኗ በፊት የውሃ ጉድጓድ ነበረች። ከዘይላ ወደ ሐረር የሚመላለሱ ሲራራ ነጋዴዎች ያርፉባት ስለ ነበር፣ ባርከር የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን በ1834 ዓ.ም. ከመንገዱ ማረፊያዎች እንደ አንዷ አድርጎ ጠቅሷታል። በ1885 ዓ.ም. ስዌን የተባለው ሌላው እንግሊዛዊ ሲያልፍባት ያየው በጉድጓዶቹ አጠገብ በእንጨት አጥር የተከበበ ምሽግና 25 ያህል ጠባቂዎችን ነው። በመጋቢት ወር 1892 ዓ.ም. የሰይድ መሐመድ አብዱላ ሐሰን ደርቪሾች ይህንኑ ምሽግ አጥቅተው ብዙ ሰው ካለቀባቸው በኋላ ተመልሰዋል። እንግዲህ ጦሩም ነጋዴውም የመጣው ውሃውንና መንገዱን ፈልጎ መሆኑን ልብ በሉ።

ምሽጉን ወደ ከተማነት ካሸጋገሩት ሰዎች መካከል በኋላ በጅሮንድ የተባሉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ይገኙበታል። እኒህ ሰው በአማርኛ የመጀመሪያውን ተውኔት የጻፉ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ናቸው። በ1910 ዓ.ም. ገደማ ጅግጅጋን ሲያስተዳድሩ ጎዳናዎቿ ቀጥ ብለው እርስ በርሳቸው እንዲቋረጡ አድርገው ከተማይቱን በፕላን ቀየሱ። በዚያ ዘመን አብዛኞቹ ከተሞቻችን በመኳንንት ግቢ ዙሪያ እንደ ነገሩ የተሰባሰቡ ስለ ነበሩ፣ ይህ ሥራ ከአንድ የጦር ድል ያነሰ ዝና የሚገባው አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲህ ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ያዛት፤ ከ1933 እስከ 1940 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ቆየች። በ1910 ዓ.ም. በጅግጅጋ የተወለደ ሰው ስድሳ ዓመት ሲሞላው ከሰፈሩ ሳይርቅ የአራት መንግሥታት ሰንደቅ ዓላማ ሲውለበለብ አይቷል ማለት ነው። የዚህን ሰው ታሪክ ማን ጠየቀው?

ከካራማራ ጦርነት አሥር ዓመት በኋላ፣ በ1980 ዓ.ም.፣ ሐርጌሳ በገዛ መንግሥቷ አውሮፕላኖች ስትደበደብ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ድንበር ተሻግረው ወደ እኛ ምድር ገቡ። ከጅግጅጋ ብዙም በማይርቀው በሐርታ ሼኽ የተቋቋመው የስደተኞች ሰፈር በዓለም ላይ ከነበሩት ትላልቅ ሰፈሮች አንዱ ሆኖ እስከ 1996 ዓ.ም. ቆይቷል። ትናንት የጦር ሜዳ የነበረው አገር የመጠጊያ አገር ሆነ። በውጊያ ቀን ብቻ የሚቆጥር ታሪክ ይህን ሊነግራችሁ አይችልም።

«ታሪክ በሰነድ እንጂ በአፍ ወሬ አይጻፍም» የሚለኝ አይጠፋም። ከፊል እውነት አለው። የጅግጅጋ አውሮፕላን ማረፊያ የተሰየመባቸው ገራድ ዊል ዋል ስማቸው የሚነሣው በአብዛኛው በተረት ነው። ከበግ ሥጋ ሰዎችን ወይ የሚያፋቅረውን ወይ የሚያጣላውን ብልት አምጡልኝ ብለው ሲያዙ፣ የአንድ ድኻ ልጅ አባቷን ጉሮሮ አስይዛ ላከችው ይባላል። ይህ ተረት የዓመተ ምሕረት ማስረጃ አይሆንም። ሆኖም ሕዝቡ ስለ ስስትና ስለ ልግስና፣ ስለ ገዢና ስለ ተገዢ ምን ያስብ እንደ ነበር ያሳያል።

ደግሞም የሽማግሌ ቃል ሊመረመር ይችላል። አንዲት እናት «ያገባሁት በዳባዴር ነው» ቢሉ፣ ዳባዴር፣ ማለትም «ባለ ረጅም ጭራው»፣ የ1966 እና የ1967 ዓ.ም. ድርቅ መጠሪያ መሆኑን የሚያውቅ ተማሪ ዘመኑን ያገኘዋል። ያንኑ ነገር ሌላ አዛውንት ጠይቆ ማስተያየት፣ ሁለቱ ካልተስማሙም ሁለቱንም መጻፍ ነው።

የምትኖሩት በጅግጅጋ፣ በቀብሪ በያህ፣ በአውበሬ ወይም በቶጎ ውጫሌ ከሆነ ደብተራችሁን ይዛችሁ ዛሬውኑ ውጡ። የጥንቶቹ ጉድጓዶች የት የት እንደ ነበሩ በጣቱ የሚያመለክት ሰው ካለ፣ ከሁሉ አስቀድማችሁ እርሱን ጠይቁ።