ከጉልበት ጉዳት ሲመለስ ፕሮግራም አለ፤ ከድብርት ሲመለስስ?

የጉልበት ጅማቱ የተበጠሰ ተጫዋች እንዴት እንደሚመለስ ደጋፊው ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። መጀመሪያ ጂም፣ ቀጥሎ ለብቻ ሩጫ፣ ከዚያ ከቡድኑ ጋር ልምምድ፣ በመጨረሻ ተቀይሮ ገብቶ 15 ደቂቃ። ገና በመጀመሪያው ቀን 90 ደቂቃ ያሰለፈው አሰልጣኝ ውርጅብኝ ይወርድበታል። በድብርት ታሞ ለከረመ ተጫዋች ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ብዙ ጊዜ የለም። ተሽሎታል ከተባለ ማሊያውን ይለብሳል፣ አለቀ!

ጀርመናዊው ግብ ጠባቂ ሮበርት ኤንከ ከዚህ ሕመም ሁለት ጊዜ ወደ ሜዳ ተመልሷል። ሁለቱ አመላለሶች ግን ለየቅል ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ2003 ከባርሴሎና በውሰት ወደ ቱርኩ ፌነርባቼ ሄደ። በመጀመሪያ ጨዋታው ቡድኑ 3 ለ 0 ሲሸነፍ የገዛ ደጋፊዎቹ ጠርሙስና ላይተር ወረወሩበት። አንድ ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ውሉን አፈረሰ፤ ለወራት ያለ ሥራ ተቀመጠ፤ ለድብርቱም ሕክምና ጀመረ። በ2004 መጀመሪያ ሲመለስ ካምፕ ኑ አልገባም። የሄደው በስፔን ሁለተኛ ዲቪዚዮን ይጫወት ወደነበረው ቴኔሪፌ ነው። ለጅማት በሽተኛ እንደሚሰጠው 15 ደቂቃ መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት ክረምት ሃኖቨር 96 ወሰደው፤ ቋሚ ተሰላፊ፣ ኋላም አምበል ሆነ፣ ብሔራዊ ቡድን ገባ።

በ2006 የልብ ሕመም የነበረባት የሁለት ዓመት ልጁ ላራ ሞተችበት። በ2009 ድብርቱ ሲመለስ የደቡብ አፍሪካው ዓለም ዋንጫ ተቃርቧል፤ ኤንከም ለጀርመን ቁጥር 1 ማሊያ ከሚታጩት አንዱ ነው። ሕመሙ ከታወቀ እግር ኳሱንም፣ በማደጎ የወሰዳትን ልጁንም አጣለሁ ብሎ ፈራ። ስለዚህ ለሕዝብ የተነገረው የአንጀት ባክቴሪያ ነው ተብሎ ነው። ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ ተመለሰ። ኖቬምበር 8 ቀን 2009 ሃኖቨር ከሃምቡርግ 2 ለ 2 ሲለያይ ግቡን የጠበቀው እሱ ነበር። በሁለተኛው ቀን በ32 ዓመቱ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ።

እዚህ ላይ አሰልጣኙን መውቀስ ቀላል ነው፤ ግን ፍትሕ አይደለም። ክለቡ የሚያውቀው የሆድ ሕመም ነው። ከሆድ ሕመም ለተመለሰ ግብ ጠባቂ ምን ይደረግለታል? ጓንቱን ይሰጡታል እንጂ!

በዚያው ክለብ፣ በ2011፣ ተጠባባቂው ግብ ጠባቂ ማርኩስ ሚለር የአእምሮ ድካም ሕክምና እንደሚገባ በይፋ ተናገረ። ክለቡ ጊዜ ሰጠው። ተመልሶም ከሃኖቨር ጋር እስከ 2015 ቆየ። ግልጽነት ሁሉን ይፈውሳል ማለት ግን አይደለም። የባየርን ሙኒኩ ሰባስቲያን ዳይስለር በ2003 ሕመሙን አላስደበቀም፤ ተመለሰ፣ እንደገና ታመመ፣ በጃንዋሪ 2007 በ27 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ። ቢሆንም የታመመው ምን እንደሆነ ስለታወቀ ወጣ ገባ ሲል የሚጠብቀው ክለብ ነበረው።

የደጋፊስ አፍ? አዲስ አበባ ውስጥ በየዲኤስቲቪ ቤቱ አንድ አጥቂ ኳስ ሲስት «አማኑኤል አስገቡት!» ተብሎ ይሳቃል። ቃሉ ራሱ ተጎድቷል፤ ቅዳሜ ጨዋታ ከሌለም «ደበረኝ» ነው፣ ከአልጋ መነሳት ያቃተውም «ደበረኝ» ነው። ሁለተኛውን ማን ይስማው?

እዚያው ወንበር ላይ ከተቀመጡት መካከል ለሁለት ወር ከመሥሪያ ቤቱ ጠፍቶ «ታይፎይድ ነበር» ያለ አይጠፋም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በሐኪም ለተረጋገጠ ሕመም የመጀመሪያውን ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት በግማሽ ይሰጣል። አእምሮ ሲሆን አልሰጥም አይልም። ሰውየው ግን የሥራ ባልደረቦቹን ሳቅ ያውቀዋል፤ ቅዳሜ አብሯቸው ሲስቅ ነበር። ሰኞ ጠዋት «ታይፎይዱ ለቀቀህ?» ይሉታል፣ የሁለት ወር ፋይል ጠረጴዛው ላይ ይቆለልለታል፤ 90 ደቂቃ ሙሉ።